«የሀብታም በሽታ» ያለው ማነው?

ባለፈው ወር በተደረገው የማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ እኛ ከአንኮበርና ከአካባቢው የመጣን ጥቂት ተማሪዎች አንድ ሐሳብ አቅርበን ነበር። ይኸውም ማኅበሩ በየዓመቱ ለመዝናኛ ከሚመድበው ገንዘብ ላይ ቀንሶ የደም ስኳር መለኪያ መሣሪያ ከነመለኪያ ወረቀቱ እየገዛ ለወረዳው ጤና ጣቢያዎች እንዲሰጥ፤ ለዕረፍት ወደ አገራቸው የሚሄዱ የሕክምና፣ የነርስነትና የፋርማሲ ተማሪዎች በዚሁ ሥራ እንዲያግዙ፤ ደግሞም ኢንሱሊን የሚወስዱ ሕሙማን መድኃኒታቸውን በየወሩ ከቅርብ ጤና ጣቢያ እንዲያገኙ የሚጠይቅ ደብዳቤ በማኅበሩ ስም ለጤና ቢሮ እንዲጻፍ ነው። ሐሳቡ ወደቀ። እኛን ያናደደን መውደቁ አይደለም፤ መሸነፍ የለመድነው ነገር ነው። ያናደደን አወዳደቁ ነው። አንድ ወንድማችን ተነሥቶ «ስኳር የሀብታም በሽታ ነው፤ የአንኮበር ባላገር በሽታ ወባና የሳንባ ነቀርሳ ነው፤ ስኳርን ለቦሌ ተዉለት» አለ። አዳራሹ ሳቀ፤ ቀጥሎም አጨበጨበ። ሰብሳቢውም ጭብጨባውን እንደ ድምፅ ቆጥሮ ወደሚቀጥለው ጉዳይ አለፈ። ከመምህራን ወገንም ፈገግ ያሉ ነበሩ።

ለዚያ ሳቅ ይህን መልስ ጽፈናል።

በክረምት ወደ አገራችን ገብተን ሳለ አብሮን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማረ አንድ ጎረምሳ ታመመ። ከአንኮበር ከተማ በታች፣ ቁልቁለቱ ላይ ካለ መንደር የሚኖር፣ አባቱ ስለ ሞቱበት ከ7ኛ ክፍል አቋርጦ እርሻውን የያዘ ልጅ ነው። ውኃ ቢጠጣ ቢጠጣ አይረካም፤ ሌሊቱን ሲወጣና ሲገባ ያድራል። ሥጋው አልቆ ልብሱ በላዩ ተንጠለጠለ። መንደርተኛው ግማሹ «ሳንባ ነው» አለ፤ ግማሹም በሹክሹክታ ሌላ ስም ሰጠው። እናቱ ጠበል ወሰዱት። ቀጥሎ ስሙን ወደማንጠራው ጤና ጣቢያ ወሰዱት፤ እዚያም «ታይፎይድ ነው» ተብሎ ክኒን ተሰጠው። የመርማሪዋን ጥፋት ለማጋነን አንፈልግም። የስኳር መለኪያ በእጇ ያልነበረ ሰው ስኳርን እንዴት ታገኘዋለች? በዐሥረኛው ቀን ልጁ ራሱን ሳተ። ትንፋሹ እንደ በሰለ ፍሬ ይሸት ነበር። በቃሬዛ አድርገን ሽቅብ ወደ መኪናው መንገድ አወጣነው፤ ከተሸካሚዎቹ ሁለቱ እኛው ነበርን። ከዚያም 42 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ደብረ ብርሃን ገባ። እዚያ አንዲት ጠብታ ደም ከጣቱ ተወስዳ በደቂቃ ውስጥ በሽታው ታወቀ። ሐኪሞቹ ሌሊቱን ሳይተኙ ልጁን አተረፉት፤ ሥራቸውን እንመሰክራለን።

ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ነው ያ የሳቀው አዳራሽ የማያውቀው። ልጁ በየቀኑ የሚወጋው ኢንሱሊን ተሰጥቶት በየወሩ እንዲመለስ ተነገረው። ቀጠሮው ጧት ነው፤ ጧት ለመድረስ ደግሞ ከቁልቁለቱ በታች ያለ ሰው በዋዜማው ተነሥቶ፣ ተሳፍሮ፣ ከተማ ማደር አለበት። የራሱ መሳፈሪያ አለ፤ የአስታማሚው መሳፈሪያ አለ፤ ማደሪያና ምሳ አለ፤ የሁለት ሰው የሁለት ቀን ሥራ አለ። በመጀመሪያው ወር አንድ በግ ተሸጠ። በሁለተኛውም ሌላ። በኅዳር አጨዳ ደርሶ የሚያጭድ ሰው ሲጠፋ ቀጠሮው አለፈ። ያን ጊዜ ልጁ፣ ማንም ሳያስተምረው፣ ሒሳብ ሠራ፤ መድኃኒቱ ሁለት ወር እንዲበቃው መጠኑን በግማሽ ቀንሶ ይወጋ ጀመር። በጥምቀት ሰሞን ሞተ። እኛ ፈተና ላይ ነበርን።

እንግዲህ ይህ ልጅ ሀብታም ነበር? ከወንድማችን ንግግር እንደሚገባን ከሆነ፣ በሽታው አድራሻ ተሳስቶ መሆን አለበት።

የሀብታም በሽታ የሚለው ስም ከየት እንደ መጣ እናውቃለን። በከተማ ተቀምጦ የሚሠራ፣ በመኪና የሚሄድ፣ ሻዩን በሦስት ማንኪያ ስኳር የሚያጣፍጥ ሰው በዕድሜው አጋማሽ ሲወፍርና ሲታመም አይተን ነው። ያ ዓይነት በሽታ አለ፤ አልካድንም። ነገር ግን እሱም ቢሆን የሀብታም ብቻ መሆኑ ካበቃ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕሙማን ፌዴሬሽን በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት መሠረት በዓለም ላይ 537 ሚሊዮን ዐዋቂዎች ስኳር አለባቸው፤ ከአራቱም ሦስቱ የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። በአሜሪካ እንኳ በሽታው የሚበረታው በድኾችና በጥቁሮች ሰፈር ነው፤ እዚያ ርካሹ ምግብ የሚያወፍረው ነውና።

ሁለተኛው ወገን ግን ከነጭራሹ አይወፍርም። ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሂው ጆንስ የተባለ ሐኪም በጃማይካ ቀጫጭን የስኳር ሕሙማን አግኝቶ ጻፈ። ከዚያም በእስያና በአፍሪካ ሐኪሞች ተመሳሳይ ሰው እያዩ መጡ፤ በልጅነቱ የተራበ፣ የቀጨጨ፣ ኢንሱሊን የሚያስፈልገው ወጣት። የዓለም ጤና ድርጅት በ1985 እ.ኤ.አ. ይህን «ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር በሽታ» ብሎ በዝርዝሩ ውስጥ አገባው። በ1999 እ.ኤ.አ. ደግሞ ማስረጃው አልበቃም ብሎ ሰረዘው። አስቡት፤ ማስረጃ የሚሰበሰበው ላቦራቶሪ ባለበት ነው፤ በሽተኛው ያለው ደግሞ ላቦራቶሪ በሌለበት ነው። ድኻው በሽታውን ይዞ ቀረ፤ ስሙ ግን ከመዝገብ ጠፋ። በ2025 እ.ኤ.አ. ፌዴሬሽኑ ባንኮክ ላይ ባደረገው ጉባኤ «ዓይነት 5» የሚል ስም ሰጥቶ እንደገና ተቀበለው። በሊቃውንት መካከል ክርክሩ ገና አላበቃም። እናቱን ያየን እኛ ግን የቁጥሩ ነገር አያጣላንም።

ይህን ከሩቅ አገር ያመጣነው እንዳይመስላችሁ። በዚሁ በአማራ ክልል፣ በጎንደር፣ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ከእንግሊዝ ባልደረቦቻቸው ጋር ሁነው ኢንሱሊን የሚወስዱ የገጠር ሕሙማንን አጥንተው ውጤቱን በ2009 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ያገኙት ሰው ማን ነው? አብዛኛው ወንድ፣ ቀጭን፣ ለጓዳው ብቻ የሚያርስ ገበሬ፣ ትምህርት ያልደረሰው፣ ኑሮው ከጎረቤቱ ከጤነኛው ይልቅ ያነሰ። እንግዲህ የጎንደሩን ገበሬ ፎቶግራፍ ብናነሣው ከእኛ መንደር ልጅ ጋር ማን ይለየዋል? ወንድማችን በአዳራሹ ሲናገር ይህ ጥናት ታትሞ ከ15 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ለማንበብ የሚፈልግ የሕክምና መምህራኑን ይጠይቅ።

ጎንደርን ከጠራን አይቀር አንድ ነገር እንጨምር። በ1984 እና በ1985 እ.ኤ.አ.፣ ኋላም በ1991 እ.ኤ.አ. ከዚያው አገር ብዙ ሺህ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ሲገቡ ቀጫጭኖች ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን በእግር የሄዱ፣ እህል በልተው ያደጉ። ጥቂት ዓመት ሲቆዩ የስኳር በሽታ በመካከላቸው በረታ፤ የቆይታ ዘመናቸው በረዘመ መጠንም ጨመረ። የእስራኤል ሐኪሞች ይህን በተደጋጋሚ ጽፈውታል። ደሙ ያው የአባቶቻቸው ደም ነው፤ የተለወጠው እንጀራው፣ ሥራውና ሰፈሩ ነው። እንግዲህ በሽታውን በዘር ወይም በዕጣ የሚያሳብቡ ሰዎች ለዚህ ምን ይላሉ?

ረኃብም ከማሕፀን ይጀምራል። በ1944 እና በ1945 እ.ኤ.አ. ሆላንድ በጦርነት ስትራብ በእናታቸው ሆድ የነበሩ ልጆች ኋላ በዕድሜያቸው ሲመረመሩ ሰውነታቸው ስኳርን የመቆጣጠር ኃይሉ ደክሞ ተገኘ። በ1932 እና በ1933 እ.ኤ.አ. የዩክሬን ረኃብ በማሕፀን ያገኛቸውም እንዲሁ። በእኛ አገር የ1977 ዓ.ም. ረኃብ ትግራይንና ወሎን አልፎ ሰሜን ሸዋንም ነክቷል። በዚያ ዓመት የተፀነሰ የአንኮበር ልጅ ዛሬ 40 ዓመት አልፎታል፤ ልጆች ወልዷል። የሆላንዱ ተለካ፤ የዩክሬኑ ተለካ። የእሱን ማን ለካለት? «የገበሬ በሽታ አይደለም» ተብሎ ስለማይለካ አይገኝም፤ ስለማይገኝም «የገበሬ በሽታ አይደለም» ይባላል። በዚህ ክብ ውስጥ ስንዞር ኖረናል።

ኢንሱሊን በቶሮንቶ የተገኘው በ1921 እ.ኤ.አ. ነው። በ1922 እ.ኤ.አ. ጥር ወር አንድ ሊሞት የቀረበ የ14 ዓመት ልጅ ተወጋና ዳነ። ያገኙትም ሰዎች የፈጠራ መብቱን ለዩኒቨርስቲያቸው በአንዳንድ ዶላር ሸጡ፤ የሰው ሁሉ ነው ብለው። አሁን ከ100 ዓመት በኋላ ሦስት ኩባንያዎች፣ ማለት ኖቮ ኖርዲስክ፣ ኢሊ ሊሊና ሳኖፊ፣ ከዓለም የኢንሱሊን ገበያ ከመቶ 90 የሚበልጠውን ይዘዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ሲጽፍ በሁለተኛው ዓይነት ስኳር ታመው ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች ግማሾቹ አያገኙም አለ። በአንኮበር ታሪክ ስንኮራ የምናነሣው አንድ ነገር አለ፤ በ1841 እ.ኤ.አ. ካፒቴን ሃሪስ የእንግሊዝ መልእክተኛ ሁኖ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ ሐኪም ይዞ ነበር። ያን ጊዜ ሐኪም የንጉሥ እንግዳ ነበር። ዛሬ ንጉሥ የለም፤ ቤተ መንግሥቱም ፍርስራሽ ሆኖ ቱሪስት ይጎበኘዋል። ሐኪሙ ግን ለባላገሩ አሁንም የሩቅ ሰው ነው።

መድኃኒቱ ቢገኝስ? ኢንሱሊን እንደ ኪኒን አይደለም፤ ከጎኑ እንጀራ ይፈልጋል። ወግቶ ያልበላ ሰው ስኳሩ ወርዶ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ይወድቃል። የአንኮበር ደጋ የበልግ አገር ነው፤ በልግ ሲቀር በክረምት ጎተራው ባዶ ነው። ታዲያ ቁርሱን ያላረጋገጠ ሰው መርፌውን በምን ልብ ይውጋ? ሐኪሙ «ሳትበላ አትውጋ» ይለዋል፤ «ሳትወጋም አትዋል» ይለዋል። በሁለቱ መካከል ያለውን ቆሎ የሚሰጠው ግን የለም። ከዚህ ላይ የምክር ወረቀቱን ሳናነሣ አናልፍም። በእጃችን ያለው ወረቀት ሰላጣ፣ የተጠበሰ ዓሣና ቅባቱ የወጣለት ወተት ብሉ ይላል። አንኮበር ላይ ዓሣ! የገብስ ቂጣ፣ ባቄላና በሶ ለስኳር ሕመምተኛ መልካም ምግብ መሆኑን የጻፈ ወረቀት ግን አላየንም፤ እነዚህ ከማንም ሱፐርማርኬት አይገዙምና።

መድኃኒቱ ቀዝቃዛ ቦታ ይፈልጋል፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ። ደጋ ላለው ይቀላል፤ አየሩ ቀዝቃዛ ነውና። ወደ አልዩ አምባ ቁልቁል ለሚወርደው ግን ሙቀቱ መድኃኒቱን በጥቂት ሳምንት ያበላሸዋል። በእርጥብ አሸዋ ውስጥ የተቀመጠ የሸክላ ዕቃ ብዙ እንደሚረዳ በሞቃት አገሮች ተፈትኖ ታውቋል። ሸክላና አሸዋ ያጣ ቤት የለም፤ ይህን ነግሮ የሚያሳየው ሰው ነው የጠፋው።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቻችን እንመለስ። አንደኛው ወገን «ጥፋቱ የባላገሩ አለማወቅ ነው፤ ጠበል ለጠበል እየዞረ ጊዜ ያጠፋል» ይላል። ጠበሉ ከዚያ ቤት በእግር ግማሽ ሰዓት ነው፤ ገንዘብ አይጠየቅበትም፤ ቀጠሮ የለውም፤ የሚያነጋግርህም ሰው በስምህ ይጠራሃል። እናትዮዋ በእጃቸው ካለው ነገር መጀመሪያ የቀረበውን ወሰዱ። እኛስ ብንሆን? ቅርቡ የስኳር መለኪያ ቢሆን ኖሮ እሱን ባስቀደሙ ነበር። ካህናቱም «መድኃኒትህን አትተው» ሲሉ በጆሯችን ሰምተናል። አለማወቅ ካለ ታይፎይድ ብሎ ክኒን በሚሰጠው ሥርዓት ውስጥም አለ፤ በአዳራሻችንም አለ።

ሁለተኛው ወገን ከበድ ያለ ነው፤ «ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ወባና ነቀርሳ ይቅደሙ» ይላል። ለዚህ ሁለት መልስ አለን። አንደኛ፣ ስኳር ያለበት ሰው በሳንባ ነቀርሳ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው ሁለትና ሦስት እጥፍ ነው። ስለዚህ ነቀርሳን እዋጋለሁ እያለ ስኳርን የሚተው ሰው በአንድ በር እያስወጣ በሌላው ያስገባል። ሁለተኛ፣ የነቀርሳ መድኃኒት ለምን በነጻ ይሰጣል? ለምንስ በየጤና ጣቢያው ይገኛል? መንግሥት ስለ ወሰነ ነው። የኤድስን ነገር አስታውሱ። «የአፍሪካ ገበሬ ዕድሜ ልክ መድኃኒት በሰዓቱ ሊወስድ አይችልም» የሚሉ ሊቃውንት ነበሩ። በ1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ጀመረ፤ ቀጥሎም ወደ ጤና ጣቢያዎች ወረደ፤ ሰዓት የሌለው ገበሬ በዶሮ ጩኸትና በቤተ ክርስቲያን ደወል እየለካ ወሰደው፤ ብዙ ሺህ ሰዎችም በሕይወት አሉ። ለኤድስ የተቻለው ለስኳር የማይቻልበትን ምክንያት የሚነግረን ሰው ይምጣ። የኤድስ ገንዘብ ከውጭ አገር ነበር የሚሉን አሉ፤ እውነት ነው። ታዲያ የውጭ አገር ሰው እስኪያዝን ድረስ የራሳችንን ሰው በሽታ አናውቀውም ማለት ነው?

ደግሞም ያልተሞከረ ነገር አንጠይቅም። በጎንደርና በጅማ አካባቢ ነርሶች ሠልጥነው በገጠር ጤና ጣቢያዎች የስኳርና የሌሎች ረጅም በሽታዎች ሕሙማንን እንዲከታተሉ ተደርጓል። ልዩ ሐኪም በየገጠሩ አላስፈለገም፤ የሠለጠነች ነርስ፣ መለኪያና የማይቋረጥ መድኃኒት በቃ። በሽተኛው የሚጓዘው መንገድ አጠረ፤ ክትትሉንም የሚያቋርጠው ሰው ቀነሰ። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አለ፤ መልካም ሥራ ነው፤ ገበሬው በዓመት አንድ ጊዜ ከፍሎ ይታከማል። ነገር ግን መድኅኑ የመኪና መሳፈሪያ አይከፍልም፤ የማደሪያ አይከፍልም፤ «መድኃኒቱ አልቋል፣ ከውጭ ግዙ» የተባለ ቀን ደብተሩን የሚቀበል የግል መድኃኒት ቤት ማግኘትም ዕድል ነው።

የጦርነቱንም ነገር ዝም አንልም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ውጊያ መንገድ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል። መንገድ ሲዘጋ ነጋዴው ዕቃውን ይዞ ይጠብቃል፤ ተማሪው ፈተናውን ያስተላልፋል። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ግን የሚጠብቅበት ጥቂት ቀን ብቻ ነው። በትግራይ ጦርነት ጊዜ የመቀሌ ሐኪሞች ኢንሱሊን አለቀብን እያሉ ሲጮኹ ሰምተን ነበር፤ ሰምተንም ወደ ክፍላችን ገባን። መድኃኒቱ በየጤና ጣቢያው የጥቂት ወር ስንቅ ሆኖ ቢቀመጥ መንገድ የዘጋው ማንም ይሁን ማን ሰው በሁለት ሳምንት አይሞትም።

እኛም ራሳችንን ከነቀፋው አናወጣም። ቃሬዛውን ተሸክመን ካወጣን በኋላ ልጁ ዳነ ብለን ደስ ብሎን ወደ ትምህርታችን ተመለስን። በመስከረም አንድ ጊዜ ስልክ ደወልን። በጥቅምት ረሳነው። በኅዳር ቀጠሮው ሲያልፍ ለመሳፈሪያ የሚሆነው ገንዘብ ከእኛ ከአምስታችን ኪስ የሚጠፋ አልነበረም፤ በዚያው ወር የቡድናችንን ማሊያ አሠርተናል። ይህን የምንጽፈው ለንስሐ አይደለም። አምስት ተማሪ ሲያስታውስ የሚድን፣ ሲረሳ የሚሞት ሰው ሊኖር አይገባም ለማለት ነው፤ ደብዳቤው ለጤና ቢሮ ይጻፍ ያልነውም ለዚሁ ነው።

በጾም መያዣ ለለቅሶ ስንደርስ እናቱ ከሸክላው ውስጥ አንድ ያልተከፈተ የኢንሱሊን ብልቃጥ አውጥተው ሰጡን። «ልጆቼ፣ እሱ እየቆጠበ ያስተረፈው ነው፤ ለሚያስፈልገው ሰው ስጡልኝ» አሉን። ይዘነው መጥተናል።

ሐሳቡን በሚመጣው ስብሰባ እንደገና እናቀርባለን። ለመዝናኛ ከተያዘው ገንዘብ የምንጠይቀው ለአንድ ምሽት የሙዚቃ ባንድ ከሚከፈለው አይበልጥም፤ ሒሳቡን ለገንዘብ ያዡ በጽሑፍ አስገብተናል። ያ ወንድማችንም እንዲናገር ተራ እንዲሰጠው እንለምናለን፤ ከሱ በፊት ግን የሕክምና ፋኩልቲ መምህራን ስለ ጎንደሩ ጥናት አምስት ደቂቃ እንዲናገሩ ጠይቀን ከመካከላቸው አንዱ እሺ ብለውናል። ሰብሳቢውን የምንለምነው አንድ ነገር ነው። በዚህ ጊዜ ድምፁ በጭብጨባ ሳይሆን እጅ ተቆጥሮ ይወሰድልን።